የሳንኮፋ አዳራሾች

ያለ ወኪልና ያለ ስቱዲዮ ረጅም ፊልም መሥራት እንደሚቻል የታወቀ ነው። ስክሪፕት ይጻፋል፣ ገንዘብ ከዚህም ከዚያም ይሰበሰባል፣ ይቀረጻል፣ ኤዲት ይደረጋል። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ስለተባለ አልቆይበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ያለቀውን ፊልም ተመልካች ፊት ማድረስ። ለዚህ ደግሞ ከፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ፊልም ከ«ሳንኮፋ» የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ፕሮፌሰር ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለዱ፤ ፊልም የተማሩት ሎስ አንጀለስ፣ ዩሲኤልኤ ነው። ገና ተማሪ ሳሉ አገር ቤት ገብተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ቀርጸዋል። «ሳንኮፋ» ግን ዓመታት ፈጀ። በታሪኩ፣ ጋና ውስጥ ባሪያ ይሸጥበት በነበረ ምሽግ ፎቶ ስትነሳ የነበረች ሞዴል ወደ ኋላ ተወስዳ በእርሻ ላይ ባሪያ ሆና ትኖራለች። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ፤ አሜሪካ ሲመለስ ግን የሚያከፋፍለው ድርጅት ጠፋ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሰው ሁሉ አሳጥሮ ነው የሚያወራው። «ሆሊውድ ገፋው፣ ጥቁር ሕዝብ ግን በራሱ ጊዜ ነቅሎ ወጣለት» ይባላል። ይህን አባባል ስሰማ እናደዳለሁ። ሕዝብ በራሱ ጊዜ ነቅሎ አይወጣም፤ አንድ ሰው ስልክ መደወል አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተለመደው አሠራር ከትኬት ሽያጭ ሲኒማ ቤቱ ድርሻውን ያነሳል። ከቀረው አከፋፋዩ ኮሚሽኑን ይቆርጣል፤ ቀጥሎ ለኮፒ፣ ለፖስተርና ለጋዜጣ ማስታወቂያ አወጣሁ የሚለውን ሁሉ ይቀንሳል። ፊልም ሠሪው የወረፋው መጨረሻ ላይ ነው፤ ተራው ሲደርስ ድስቱ ተጠርጎ ያልቃል። ፕሮፌሰር ኃይሌና ባለቤታቸው ሽሪኪያና አይና የመረጡት ሌላ መንገድ ነው። አዳራሹን በቁርጥ ዋጋ ይከራያሉ፤ ቢሞላም ባይሞላም ኪራዩ አይለወጥም፤ የትኬቱ ገንዘብ ግን በሙሉ የፊልሙ ነው። የሙያው ሰዎች አራቱን ግድግዳ መከራየት ይሉታል።

ለማስረዳት ያህል ከራሴ ቁጥር ልስጥ። የሳምንት ኪራዩ 10,000 ዶላር፣ ወንበሩ 300፣ ትኬቱ 7 ዶላር ይሁን። አንድ ሙሉ አዳራሽ 2,100 ዶላር ያስገባል፤ በአምስት ሙሉ አዳራሽ ኪራዩ ተሸፈነ። ከዚያ በላይ ያለው ማስታወቂያው ተከፍሎለት ለፊልሙ ይተርፋል። ቀላል ይመስላል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ሲገባ ግን ኪሳራው የሚወድቀው በፊልም ሠሪው ኪስ ላይ ነው፤ የሚጋራው የለም።

ስለዚህ ወንበሩ አዳራሹ ከመከፈቱ በፊት መሸጥ ነበረበት። መጀመሪያ ዋሽንግተን፣ ቀጥሎ ሌሎች ከተሞች፤ በየከተማው ፊልሙን የራሳቸው ያደረጉ ሰዎች እየተደራጁ አዳራሽ ይከራዩለት፣ ወሬውን በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበሩ ያደርሱለት ጀመር። አከፋፋይ ያልሠራውን ሥራ የሠሩት እነዚህ ናቸው።

ሸክሙም የዋዛ አልነበረም። በ35 ሚሊ ሜትር የታተመ ፊልም በደቂቃ 90 ጫማ ይሄዳል፤ ሁለት ሰዓት ለሚያልፈው «ሳንኮፋ» ይህ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ጥቅልል ነው፤ በብዙ ሪል ተከፋፍሎ በቆርቆሮ መያዣ ይጓዝ ነበር። ኮፒ ማሳተም ውድ ስለነበር እንደ ትልቅ ስቱዲዮ በአንድ ዓርብ ሺህ ሲኒማ ቤት መክፈት አይታሰብም ነበር። ያው ኮፒ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ይዞር ነበር፤ አንዱ ሪል ከተቧጨረ ጭረቱ ቀጥሎ ያለው ከተማም ድረስ አብሮ ይሄድ ነበር።

ዋሽንግተን ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ፕሮፌሰሩ ለረጅም ዘመን ካስተማሩበት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጥንዶቹ የከፈቱት ሳንኮፋ የሚባል የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር አለ፤ ካፌም አለው። እዚያ ቡና ይዤ እንደተቀመጥኩ አንዲት ሴትዮ ዲቪዲውን ለልጇ ስትገዛ አየሁ። ጠጋ ብዬ ብጠይቃት፣ ፊልሙ ሲኒማ ቤት ሲታይ ከቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ጋር አውቶቡስ ተከራይተው እንደመጡና ትኬቱን ያከፋፈለችው እሷ ራሷ እንደነበረች ነገረችኝ። ከሲኒማው ሲወጡ ማንም ቶሎ ወደ አውቶቡሱ አልገባም አለች፤ መንገዱ ላይ ቆመው ሲከራከሩ ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋባቸው።

እዚህ ላይ የኛን ሰው ልቆጣ። አንድ ወዳጃችን ያለውን ሁሉ አሟጦ ፊልም ሲሠራ፣ አዲስ አበባም ይሁን ዲሲ፣ አዳራሽ ሲከራይ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ግብዣ የለውም እንዴ?» ብለን ነው። ሁለተኛው ጥያቄ «ዩቲዩብ ላይ መቼ ይለቀቃል?» ነው። ኪራዩን የሚከፍለው የወዳጅ ወንበር መሆኑን ልብ አንልም። ወጣት ፊልም ሠሪዎችም ጥፋት አለባቸው፤ ሙዚቃውን ያለ ፈቃድ ያስገባሉ፣ ወይም ለመጀመሪያው ገዢ «ለዘላለም፣ በመላው ዓለም» የሚል ውል ሳያነቡ ይፈርማሉ።

የ«ሳንኮፋ» ባለቤቶች አልፈረሙም። ፊልሙን በራሳቸው ድርጅት፣ በማይፈዱህ ፊልምስ ስም፣ ይዘው ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2021 የፊልም ዳይሬክተሯ የአቫ ዱቨርኔይ ድርጅት አሬይ የታደሰውን ቅጂ ሲያወጣና ኔትፍሊክስ ላይ ሲታይ፣ ስለ ፊልሙ ለመነጋገር የሚፈለገው ሰው ከሠሪው ሌላ አልነበረም።