በቀን አንድ ሚሊ ሜትር

በወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ አንድ እግሩ አጥሮ የሚያነክስ ሰው ታሪኩን ሲጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከስብራት ነው። ልጅ ሆኖ ከዛፍ ወድቋል፤ ወይም መርሳ ከተማን ሰንጥቆ በሚያልፈው ዋና መንገድ ላይ ባጃጅ ገጭቶታል። በ2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ ለወራት በጦርነት ውስጥ ሳሉ በጥይት የተመታም አለ። አጥንቱ በጊዜው ሳይስተካከል ተደራርቦ ገጠመ፣ ወይም መግል ያዘና ከፊሉ እየተሰበረ ወጣ። በሕፃንነቱ ፖሊዮ አንድ እግሩን ያቀጨጨበትም አይጠፋም።

እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ በስልኩ ላይ «እግር እናስረዝማለን» የሚል የውጭ አገር ክሊኒክ ማስታወቂያ ያያል። ዘመድ ገንዘብ ሊያዋጣ፣ በሬ ሊሸጥ ይነሳል። ከዚያ በፊት ግን ሕክምናው ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሕክምናው እውነተኛ ነው፤ የተፈለሰፈውም ለጦር ቁስለኞችና ለገጠር ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 የተወለደው ገብርኤል ኢሊዛሮቭ ሥራውን የጀመረው በሳይቤሪያ፣ በኩርጋን ግዛት፣ ዶልጎቭካ በምትባል መንደር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተርፈው አጥንታቸው አልገጥም ያላቸውን ሰዎች እያየ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አንድ መሣሪያ ሠራ። የብረት ቀለበቶች እግሩን ከውጭ ይከብቡታል፤ ቀጫጭን ሽቦዎች ደግሞ ሥጋና አጥንቱን አቋርጠው ከቀለበቶቹ ጋር ይወጠራሉ።

አሠራሩ ለሰሚው ይከብዳል። ሐኪሙ አጥንቱን ሆን ብሎ ይቆርጠዋል። ከ5 እስከ 7 ቀን ከተጠበቀ በኋላ፣ የተቆረጡት ሁለት ጫፎች በቀን 1 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ ያውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሩብ ሩብ ሚሊ ሜትር እየተባለ በቀን አራት ጊዜ። በመካከላቸው አዲስ አጥንት ይበቅላል። ጡንቻው፣ ነርቩ፣ የደም ሥሩና ቆዳውም አብረው ይለጠጣሉ። ቢቸኩሉ ነርቭና ጡንቻ ይጎዳል፣ ክፍተቱም ሳይሞላ ይቀራል። ቢዘገዩ አጥንቱ ሳይረዝም ይገጥማል።

ኢሊዛሮቭ ስሙ የገነነው በአንድ ስፖርተኛ ምክንያት ነው። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ባገኘበት በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ ከፍታ ዝላይን ያሸነፈው የሶቭየቱ ቫለሪ ብሩሜል ነበር። በዓመቱ ብሩሜል በሞተር ሳይክል አደጋ እግሩ ደቀቀ። ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት እንኳ አጥንቱ አልገጥም አለ፤ እግሩም አጠረ። በ1968 ኩርጋን ድረስ ሄዶ ኢሊዛሮቭ አከመው፤ በኋላም ከ2 ሜትር በላይ ዘለለ። አበበም በ1969 በመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎድቶ ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተወሰደ። ለወራት ታክሞ ቢመለስም ዳግመኛ መራመድ አልቻለም። የብሩሜል አጥንት ማደግ የሚችል ነበር፤ የአበበን የአከርካሪ ነርቭ ግን የሚመልስ ሐኪም በየትኛውም አገር አልነበረም።

ዛሬ በቀለበቱ ፈንታ አጥንቱ ውስጥ የሚገባና ከውጭ በማግኔት እየታዘዘ የሚረዝም ዘንግ አለ። ሽቦ ቆዳን ስለማይበሳ ለታካሚው ይቀልላል፤ ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው። ቱርክን በመሳሰሉ አገሮች ብዙ ክሊኒኮች የሚያስተዋውቁት ይህን ዓይነት ሕክምና ሲሆን፣ ከደንበኞቻቸው መካከል ምንም ሕመም የሌለባቸው፣ ቁመት ለመጨመር ብቻ የሁለቱንም እግራቸውን አጥንት የሚያስቆርጡ ወጣቶች አሉ። ቻይና ይህን ለቁመት ብቻ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና በ2006 እ.ኤ.አ. ከልክላለች። እርምጃዋ ተገቢ ነበር። መገጣጠሚያ መድረቅ፣ የነርቭ ጉዳትና የአጥንት አለመሙላት ስብራት ለተሸከመ ሰው የሚታሰብበት አደጋ ነው፤ ጤነኛ እግር ላላት ልጅ ወይም ላለው ወጣት ግን ሊመከር አይገባም።

እግሩ በእርግጥ ላጠረ ሰው ደግሞ ትልቁ ጉዳይ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉት ወራት ናቸው። 5 ሴንቲ ሜትር ለማርዘም መሳቡ ብቻ 50 ቀን ይፈጃል። አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር ያለው ሲጨመር፣ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ይታሰባል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሽቦው የገባበት ቀዳዳ መጽዳት አለበት፤ ያለዚያ ያመረቅዛል። ጉልበቱ እንዳይደርቅ፣ ተረከዙም እንዳይንጠለጠል በየዕለቱ ፊዚዮቴራፒ ያስፈልጋል። ራጅ በየጊዜው መነሳት፣ አስታማሚም ከጎን መኖር አለበት። ቀዶ ሕክምናውን ዴልሂ ወይም ኢስታንቡል አድርጎ ብረቱ እግሩ ላይ እንዳለ መርሳ የገባን ሰው፣ የሠራለት ሐኪም ሊያየው አይችልም። ከወልድያ አዲስ አበባ ራሱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ለውጭ ጉዞ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የአከርካሪ ሕክምና ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የሠሩት አሜሪካዊው ዶክተር ሪክ ሆድስ፣ አከርካሪያቸው የተጣመመ ኢትዮጵያውያን ልጆችና ወጣቶችን ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ጋና፣ ወደ ዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይ ሲልኩ ቆይተዋል። ልጆቹ አክራ ላይ ተሠርተው ሲመለሱ አዲስ አበባ የሚቀበላቸው፣ ታሪካቸውን ከመጀመሪያው የሚያውቅ ሐኪም ነበር። ወደ ህንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ የሚሄድ ታማሚም የአውሮፕላን ቲኬት ከመቁረጡ በፊት «ስመለስ ማን ይከታተለኛል?» ብሎ ስም ያለው መልስ ማግኘት ይኖርበታል።

ይህን ጥያቄ አገር ውስጥ ማንሳት ይቀድማል። የኢሊዛሮቭ ቀለበት ኢትዮጵያም ውስጥ ይሠራበታል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአጥንት ሐኪሞች ይሠለጥኑበታል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተከፈተው ኪዩር ኢትዮጵያ ደግሞ የሕፃናትን የእግር መጣመም ያክማል። ልዩነቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ አብዛኛው ሰው ምንም ሕክምና አያስፈልገውም። ከዚያ ጥቂት ከፍ ካለ የጫማን ሶል ማስጨመር ይበቃዋል። በማደግ ላይ ላለ ልጅ ደግሞ በትንሽ ቀዶ ሕክምና የረጅሙን እግር እድገት ገትቶ አጭሩ እንዲደርስበት ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ግን እድገት ሳያበቃ መሆን ስላለበት ልጁ ቀደም ብሎ መታየት አለበት።

ከሁሉም በላይ ግን ስብራቱ በደረሰበት ቀን የሚሆነው ነገር ወሳኝ ነው። ወጌሻ በወሎ የተከበረ ባለሙያ ነው፤ ለወለምታ እጁ የሚመሰገንም ብዙ አለ። አደጋው የሚመጣው ስብራቱ ታሽቶ በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ነው፤ ደም መድረስ ያቅተዋል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች እጅና እግራቸው ከሚቆረጥ ሕፃናት መካከል ብዙዎቹ የመጡት በዚህ መንገድ ነው። ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ፣ ልጁም ጣቱ ሲነካ ከጮኸ፣ ማሰሪያው ወዲያው ተፈትቶ ልጁ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ደም የተቋረጠበት ጡንቻ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ መሞት ስለሚጀምር፣ ማታ በሀብሩ ወረዳ በጊራና ቀበሌዎች እግሩ የታሰረ ልጅ እስኪነጋ ሊጠበቅ አይችልም።