ዊንዶውስ በዳባሬ

ቦረና ውስጥ ከብቱ ያለቀበት ሰው ከዘመድ ወይም ከወዳጅ የምትታለብ ላም በዳባሬ ይወስዳል። ወተቱ የወሰዳት ሰው ነው፤ ላሟ ግን የሰጪው እንደሆነች ትኖራለች። ተቀባዩ ገበያ አውጥቶ አይሸጣትም።

ነገሌ፣ ያቤሎ ወይም ሞያሌ ኮምፒውተር ቤት ገብቶ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰውም ሳያውቀው የዳባሬ ውል ገብቶ ይወጣል። ማሽኑ የራሱ ነው። በውሉ መሠረት ዊንዶውሱን ግን እንዲጠቀምበት ተፈቀደለት እንጂ አልተሸጠለትም። ላይሰንስ የሚሉት ይህንን ፈቃድ ነው።

ላፕቶፑ ቢበላሽ ያ ዊንዶውስ ወደ ሌላው ይዛወራል ወይ? እንደ ፈቃዱ ዓይነት ነው። ከፋብሪካ ተጭኖ የመጣው ኦኢኤም ይባላል፤ ከመጀመሪያው ማሽን ጋር ተወልዶ ከእሱው ጋር ይሞታል። ላፕቶፑ ሲሸጥ አብሮ ለገዢው ያልፋል፤ ለብቻው ተነቅሎ ግን አይሄድም። ሪቴይል የሚባለው፣ ለብቻው የተገዛው፣ ከአሮጌው ላይ ከጠፋ በኋላ አዲሱ ላይ ሊጫን ይችላል። ባንድ ጊዜ ሁለት ቤት ግን አይታለብም።

አስቸጋሪው ማሽኑ «ያው ማሽን» መሆኑ የሚያበቃበትን ነጥብ መለየት ነው። ራም ቢጨመር ወይም ሃርድ ዲስክ ቢቀየር ብዙ ጊዜ ችግር የለም። ማዘርቦርድ ሲቀየር ግን ዊንዶውስ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንዳረፈ ይቆጥረዋል። ሙቀትና አቧራ ማራገቢያውን አፍነው ማዘርቦርድ በሚያበላሹበት ቆላ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ደንቡም በድንጋይ ላይ የተቀረጸ አይደለም። በፈረንጆች 2006 ቪስታ ሊወጣ ሲል ማይክሮሶፍት «ፈቃዱ የሚዛወረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው» የሚል ውል አዘጋጅቶ ነበር፤ ኮምፒውተራቸውን በየጊዜው የሚያድሱ ሰዎች ሲጮሁ በሳምንታት ውስጥ ቃሉን አጠፈ። በ2012 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ ዩዝድሶፍት የተባለ ኩባንያ ከኦራክል ጋር በተሟገተበት ጉዳይ፣ ተከፍሎበት ያለ ጊዜ ገደብ የተሰጠ ፈቃድ እንደ ሽያጭ ይቆጠራል ብሎ ፈረደ። ላሟ የተቀባዩ ሆነች ማለት ነው፤ ያውም በአውሮፓ ብቻ።

በእኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ቅጂውን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ለመጠባበቂያ አንድ ቅጂ ማስቀመጥ ይችላል፤ ይዞታው ሕጋዊነቱን ሲያጣ ቅጂውም መጥፋት አለበት። አዋጁ ሲወጣ መብቱን ሆን ብሎ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ተጽፎለት ነበር። በአንድ ፍላሽ ስንቱን ላፕቶፕ ፎርማት የሚያደርገው ወጣት ይህን አዋጅ አንብቦ እንደሆነ ያጠራጥራል። መቅዳት ሳይከለከል ለስንትም ማሽን የሚጫን ስርዓት ከፈለገ ሊኑክስ አለለት፤ የሱ ፈቃድ ቀድቶ ለሌላ ማደልንም ይጨምራል።

የሚገርመው ያ ወጣት የሚጭነው ክራክ፣ ማለትም ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ብዙ ጊዜ አላስፈላጊ መሆኑ ነው። እስከ ዊንዶውስ 7 ድረስ የፈቃዱ ቁጥር ላፕቶፑ ሆድ ላይ በተለጠፈች ወረቀት ይታይ ነበር፤ ወረቀቷ በላብና በአቧራ ትፋቃለች። በፈረንጆች 2012 ዊንዶውስ 8 ከወጣ ወዲህ ግን አምራቾች ቁጥሩን ማዘርቦርዱ ውስጥ ይቀብሩታል። ባለቤቱ አምስት ጊዜ ቢቀያየርም፣ ሃርድ ዲስኩ ቢጠፋም፣ ያው እትም ሲጫን (ሆም ከነበረ ሆም) ዊንዶውስ ቁጥሩን ራሱ አንብቦ ኢንተርኔት ሲያገኝ አክቲቬት ይሆናል። ልጁ ግን ያንን ሳያይ፣ ኦርጅናል ፈቃድ በሆዱ በያዘ ላፕቶፕ ላይ ክራክ ይጭናል፤ ሒሳቡንም ይቀበላል።