የቮልስ እግር

ኢትዮጵያ ውስጥ ቮልስን የማያውቅ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ክብ ጀርባው፣ ከኋላ የተቀመጠው ሞተሩ፣ ሲነሳ የሚያሰማው ድምፅ ከሩቅ ይለየዋል። ከሥሩ ያለውን የሚያውቁት ግን መካኒኮችና ካርቶን አንጥፈው ሥሩ የገቡ ባለቤቶች ናቸው። አሮጌ መኪና የሚሸጥ ሰው «ሞተሩም እግሩም አንደኛ ነው» ሲል ገዢው ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፤ እግሩን ግን ብዙ ጊዜ በቃል አምኖ ይቀበላል። በከተማ አስፋልት ላይ ይህ እምነት ለጊዜው ያስኬድ ይሆናል። መኪናውን ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ እስቴዋ መካነ ኢየሱስ ይዞ ለመውጣት ላሰበ ሰው ግን መጀመሪያ መመርመር ያለበት ይኸው እግር ነው።

ቮልስን በስፖርት መኪና ዓይን ማየት ቀልድ የሚመስለው ይኖራል። ዝምድናው ግን የሥጋ ነው። ቮልስን የነደፈው ፌርዲናንድ ፖርሸ ነው። ልጁ ፌሪ ፖርሸ እ.ኤ.አ. በ1948 በኦስትሪያዋ ግሙንድ የመጀመሪያውን ፖርሸ 356 ሲያወጣ ሞተሩንም ፍሬኑንም እግሩንም የወሰደው ከቮልስ ነበር። የቮልስን እግር በትኖ መግጠም የቻለ እጅ እንግዲህ በዓለም ሰብሳቢዎች ዘንድ በውድ የሚሸጡትን የቀድሞ ፖርሸዎች ለመረዳትም አይቸገርም።

ሦስት ሥራ

የመኪና እግር ሦስት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ክብደቱን ይሸከማል፤ ይህ የሞላ ድርሻ ነው። ሁለተኛ፣ የተረገጠው ሞላ ሲመለስ መኪናውን እያነጠረ እንዳይቀጥል ይገታዋል፤ ይህ የሾክ አብዞርበር ድርሻ ነው። ሦስተኛ፣ ጎማው ሲወጣና ሲወርድ መሬቱን በትክክለኛ አቅጣጫ እንዲረግጥ ይመራዋል፤ ይህ የክንዶቹ፣ የፒኖቹና የጎሚኒዎቹ ድርሻ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲደክም ሁለቱ ያለ ሥራቸው ይጎዳሉ። «ሾክ ቀየርኩ፤ መኪናው ግን አሁንም ይዋልላል» የሚለው የብዙ ሰው አቤቱታ ከዚህ ይመነጫል፤ የደከመው ፒኑ ሆኖ ሳለ የተቀየረው ሾኩ ነው።

ከባድ ጭነት ከዳገት ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚመስል የደብረ ታቦር አካባቢ ከጥንት ያውቀዋል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር አስነስተው በጋይንት በኩል መቅደላ ለማድረስ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፈጅቶባቸዋል። ሞላ በሌለው ሠረገላ እያንዳንዱ ድንጋይ የሚመታው ሙሉውን ክብደት ነው። ሞላ ሲኖር ግን ድንጋዩን የሚወጣው ጎማው ብቻ ይሆናል፤ የቀረው አካል ከሞላ ጎደል በነበረበት ከፍታ ይቀጥላል።

ዛሬ በዚያው አገር እህል የሚያመላልሰው አይሱዙ የሚቆመው በባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ተደራርበው የታሰሩ የብረት ቅጠሎች ናቸው፤ አንዱ ቢሰበር እሱን ብቻ ለውጦ መቀጠል ይቻላል። ለጭነት የተሠራ ስለሆነ ግን መኪናው ባዶ ሲሆን ይጠነክርና ተሳፋሪውን ያነጥራል። ቮልስ የመረጠው ሌላ መንገድ ነው።

የሚጠመዘዝ ብረት

ፖርሸ እ.ኤ.አ. በ1931 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ ሞላውን የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ ያደርገዋል። መካኒኮች ቶርሽን ባር ይሉታል። የዘንጉ አንድ ጫፍ ከሻንሲው ጋር ጥብቅ ሆኖ ይታሰራል፤ ሌላው ጫፍ ጎማውን የያዘውን ክንድ ይሸከማል። ጎማው ጉብታ ሲወጣ ክንዱ ዘንጉን ይጠመዝዘዋል፤ ሴቶች አጥበው እንደሚጨምቁት ጋቢ ይከርና ሲለቁት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ቦታ አይፈጅም፣ ከሥር አይንጠለጠልም፣ ድንጋይም በቀላሉ አያገኘውም።

ከፊት ሁለት ቱቦዎች አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው አግድም ተቀምጠዋል። በየውስጣቸው የቀጫጭን ብረቶች እስር አለ፤ መሐል ላይ በቡሎን ይያዝና በሁለቱ ጫፍ ክንዶቹን ይቀበላል። ግራና ቀኝ ጎማዎቹ ለየብቻ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። እ.ኤ.አ. እስከ 1965 የተሠሩት ጎማውን የሚያዞሩት በኪንግ ፒን ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት በቦል ጆይንት። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የወጡት 1302 እና 1303 የተባሉት ሞዴሎች ደግሞ ከፊት ቱቦውን ትተው ጥምዝምዝ ሞላ ተክለዋል። ዕቃ ከመግዛት በፊት መኪናው ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ የአንዱ ለሌላው አይገጥምም።

ከኋላ ወንበር ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ ሁለት ድፍን ዘንጎች ይገኛሉ። ጎማዎቹን የሚያዞሩት አክስሎች ደግሞ የሚታጠፉት ካምቢዮው አጠገብ ብቻ ነው፤ ጎማው ሲወርድ የታችኛው ጠርዙ ወደ ውስጥ ይገባል። የቮልስ ትልቁ ድካምም እዚህ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በፍጥነት የሚወርድ ሹፌር ጥምዝ መሐል ደንግጦ እግሩን ከቤንዚን ላይ ቢያነሳ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው አካል ከፍ ይላል፣ የውጪው ጎማ ወደ ውስጥ ይታጠፍና መሬቱን በጠርዙ ይረግጣል። ያን ጊዜ ጅራቱ ይወጣል። መድኃኒቱ ከጥምዙ በፊት ፍጥነት መቀነስ፣ ጥምዙ ውስጥ ደግሞ ቤንዚኑን በስሱ ይዞ ማለፍ ነው።

ምርመራ

መካኒክ ከመጥራት በፊት ባለቤቱ ራሱ የሚያደርገው ምርመራ አለ። የመኪናውን አንድ ማዕዘን ተጭኖ መልቀቅ፤ አንዴ ከፍ ብሎ ከረጋ ሾኩ ደህና ነው፣ ደጋግሞ ከነጠረ ግን አብቅቶለታል። ሾኩ ላይ የዘይት ምልክት ካለም ተመሳሳይ ነው። ሜዳ ላይ አቁሞ ከኋላ ማየት፤ አንድ ወገን ካዘመመ ዘንጉ ደክሟል ወይም ከዚህ በፊት የፈታው ሰው ልኩን ስቶ ገጥሞታል።

ለፊት ጎማ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው። ልል ከሆነ አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ይያዝ። ልልነቱ ከጠፋ ችግሩ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ኪንግ ፒኑ ወይም ቦል ጆይንቱ ነው። ይህች የግማሽ ደቂቃ ሥራ ስንት አላስፈላጊ ግዢ ታስቀራለች። በመጨረሻም የቱቦዎቹ መያዣ የሆነውን የሻንሲውን ራስ በመፍቻ መታ መታ ማድረግ ነው። ብረቱ በዝገት ከተበላ ብየዳው ይቅደም፤ በበሰበሰ ሻንሲ ላይ አዲስ ዕቃ መግጠም ገንዘቡን መጣል ነው።

ጥርስ መቁጠር

እድሳቱ የሚጀመረው ከርካሹ ዕቃ ነው። ጎሚኒዎቹ በቅድሚያ ይቀየራሉ፤ ቀጥሎ ፒኖቹና የመሪው ቴስቲናዎች፣ ከዚያ ሾኮቹ። ሾክ አንዱ ብቻ አይቀየርም፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው። የኪንግ ፒን ቡሽ ከተለወጠ በኋላ ልኩ በቶርኖ ቤት ይስተካከላል፤ ፒኑ በእጅ ግፊት የሚገባ፣ ግን የማይወዛወዝ መሆን አለበት። ግራሶ ሲሰጥ ደግሞ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት የተነሱ ይሁኑ፤ ክብደት ባረፈበት ፒን ግራሶው የሚፋተገው ቦታ ድረስ አይዘልቅም። የእስቴ ክረምት ጭቃና የበጋ አቧራ የሚበላው በመጀመሪያ ግራሶ ያላገኘውን ፒን ነው።

ኋላውን መፍታት ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዘንጉ ጎማው ወርዶ በተንጠለጠለበት ጊዜ እንኳ ገና እንደተጠመዘዘ ነው፤ የሚሸከመው ጠፍጣፋ ክንድ በክሪክና በሰንሰለት ሳይያዝ ከማረፊያው ከተላቀቀ እጅ ይሰብራል። ግራና ቀኝ ዘንጎች አይለዋወጡም፤ ሲሠሩ እያንዳንዳቸው ወደሚጠመዘዙበት አቅጣጫ የተለማመዱ ናቸው፣ ምልክትም አላቸው። ዘንጉን በመዶሻ መምታት ወይም በፋይል መፋቅም ነውር ነው፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከጭረት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የመሐንዲሶቹ ብልሃት የሚታይበት ቦታ ነው። ዘንጉ በውስጥ ጫፉ 40፣ በውጪ ጫፉ 44 ጥርስ አለው። ውስጡን በአንድ ጥርስ ማዞር ክንዱን 9 ዲግሪ ያንቀሳቅሰዋል፤ ውጪውን በአንድ ጥርስ ማዞር ከ8 ዲግሪ ትንሽ የሚበልጥ። አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች ቢያዞሩ ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ይሆናል፤ ጎማው ዘንድ ሲደርስ የጥቂት ሚሊሜትር ከፍታ ማለት ነው። ሁለቱ ጫፎች እኩል ጥርስ ቢኖራቸው ኖሮ ከ8 ወይም ከ9 ዲግሪ ያነሰ ማስተካከያ አይገኝም ነበር። ጥሩ መካኒክ ከመፍታቱ በፊት የክንዱን ማዕዘን ለክቶ ይጽፋል፤ ሁለቱን ወገን እኩል አድርጎ ይገጥማል። አዝሞ የሚሄድ ቮልስ ብዙ ጊዜ የዚህ ልኬት መዘለል ውጤት ነው።

ማሻሻል ሲባል

የከተማ ፋሽን ቮልስን ዝቅ ማድረግ ነው። ለፎቶ ያምራል። ለጠጠር መንገድ ግን መኪናውን የጠቀመውን ነገር ይነጥቀዋል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ከሥሩ 15 ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት አለው፣ ጎማውም ለመውጣትና ለመውረድ ሰፊ ቦታ አለው። በአገራችን ጎረቤት ኬንያ ዝናው በወጣው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ቮልስ እ.ኤ.አ. በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ያሸነፈው ጭቃውንና ድንጋዩን በዚሁ እግር አልፎ ነው። ጠንካራ ሞላ መጨመርም እንደዚሁ ነው፤ 800 ኪሎ ግራም አካባቢ የሚመዝን መኪና በጠንካራ ሞላ ላይ ከቆመ ጎማው ጉብታው ላይ ይዘላል፣ በአየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይቀበልም።

የሚጠቅመው ማሻሻያ ድካሙን የሚያክም ነው። የኋላ ጎማ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ የሚከለክል፣ ከካምቢዮው ሥር የሚታሰር አግድም ባሌስትራ አለ፤ ፖርሸ በ356 ሱፐር 90 ላይ ገጥሞታል። ቮልክስዋገንም እ.ኤ.አ. ለ1967 ሞዴል ለዚሁ ዓላማ ሌላ ዘንግ ጨምሯል። የፊቱን የማዘንበያ መከላከያ ዘንግ በወፍራም መተካትም የጅራቱን መውጣት ይቀንሳል። በሁለት ቦታ የሚታጠፍ አክስል ያላቸውን የኋለኞቹን ሞዴሎች እግር አምጥቶ መትከል ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ነገር ግን የሻንሲ ብየዳ ይጠይቃል፣ ዕቃውም በቀላሉ አይገኝም። ከተራ ጎሚኒ ይልቅ ጠንካራውን የፕላስቲክ ዓይነት የሚመርጡ አሉ፤ ዕድሜው ይረዝማል፣ ንዝረቱን ግን ለተሳፋሪው ያስተላልፋል። ለረጅም የጠጠር ጉዞ ተራው ይሻላል።

ከሁሉም የሚረክሰው ማሻሻያ ጎሚስታው ዘንድ ነው። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የቮልስ ጎማ ንፋስ እኩል አይሞላም፤ በራዲያል ጎማ ከፊት ወደ 18፣ ከኋላ ወደ 27 ፒኤስአይ ነው። እንደ ሌላው መኪና አራቱንም 30 ብሎ ማስሞላት የፊቱን ቀላል አካል ያነጥረዋል፣ መሪውን ያዋልለዋል፣ ከላይ የተነገረውን የጥምዝ አደጋም ያባብሰዋል።

የመጨረሻው ቮልስ ሐምሌ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮዋ ፑዌብላ ሲወጣ ጠቅላላው ምርት ከ21 ሚሊዮን ተኩል አልፎ ነበር። ይህን ያህል ስለተሠራ መለዋወጫው ዛሬም በዓለም ይመረታል፤ አዲስ አበባ ላይም ሶማሌ ተራን የሚያገላብጥ ሰው ያገለገለ አያጣም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጅ ያለውን ማቆየት ከትዝታ ያለፈ ምክንያት አግኝቷል። ገንዘቡ ለአንድ ዙር ብቻ የሚበቃ ባለቤት ዝገቱን ያስበይድ፣ ጎሚኒና ፒን ይቀይር፣ አራት ሾክ ይግጠም፣ ንፋሱን ያስተካክል፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁሉንም ቡሎን ደግሞ ያጥብቅ። ይህን ከጨረሰና ልዩነቱን ካየ በኋላ የተረፈው ገንዘብ ካለ ለኋላው አግድም ባሌስትራ ይሁን። መኪናውን ዝቅ ለማድረግ የሚወጣው ብር ግን ኪስ ውስጥ ቢቆይ ይሻላል።