ከማን ሰማኸው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች፣ በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በዋሸራ፣ ከሌላ ጉባኤ የመጣ ተማሪ «ከማን ተማርህ?» ይባላል። መምህሩን መጥራት ያልቻለ፣ ድምፁ ቢያምርም ወዲያው አይታመንም። ድጓ የተማረ ደግሞ ለምስክርነት ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል፤ በዚያ ዜማው ብቻ ሳይሆን የጻፈው ድጓም ይታያል፤ የተሳተ ምልክት ካለ ይታረማል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከእኛ የደረሰው በዚህ ጥንቃቄ ነው።

በስልካችን «አባቶች ተናገሩ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ግን የትኛው አባት፣ መቼና የት ብለን ሳንጠይቅ እናስተላልፋለን። እኛም በዚህ የጭንቅ ዘመን የአንድ ደብር መቃጠል ተብሎ የተላከ ፎቶግራፍ አስተላልፈን ነበር። ፎቶግራፉ የቆየ፣ የሌላ ስፍራ ሆኖ ተገኘ፤ የደብሩ ካህናት በዚያች ሰዓት ቅዳሴ ላይ ነበሩ። በስደት ያለች የአጥቢያው ልጅ ግን ሌሊቱን ስታለቅስ አድራለች።

የቤርያ ሰዎች የቅዱስ ጳውሎስን ትምህርት እንኳ ከመጻሕፍት ጋር በየዕለቱ ያመሳክሩ ነበር (ሐዋ. 17፥11)፤ ቅዱስ ሉቃስም ስለዚህ አመሰገናቸው እንጂ ተጠራጣሪዎች አላላቸውም።

የቅዱስ ሲኖዶስ ውሳኔ ነው የተባለ ደብዳቤ ሲደርሰን ቁጥሩን፣ ቀኑንና ማኅተሙን እንመልከት። ማኅተምም ዛሬ በኮምፒውተር ይቀዳልና ወረዳውን ቤተ ክህነት መጠየቅ ይገባል፤ በደብረ ማርቆስ ለሚኖር ምእመን ሀገረ ስብከቱም በእግር የሚደረስ ነው። ለሕንፃ ማሠሪያ ተብሎ የባንክ ቁጥር ሲላክም አስቀድሞ ለደብሩ ሰበካ ጉባኤ መደወል፣ ከሰጡ በኋላም ደረሰኝ መቀበል ነው።