የሞጆው አውቶሞቢል መገጣጠሚያ ለነጋዴ የተወው ትምህርት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአቃቂ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ የአገሪቱ ዋነኛ የንግድ በር ነው። በዚሁ መንገድ ላይ፣ ከዋናው ከተማ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሞጆ፣ በኢትዮጵያ ወንዞች ስም የተጠሩ አውቶሞቢሎች ይገጣጠሙ ነበር። መገጣጠሚያው ሥራውን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ሆኖም ታሪኩ ዕቃ ከውጭ ለሚያስመጣ ሁሉ የሚጠቅም ምክር ይዟል።

ኩባንያው ሆላንድ ካር ይባል ነበር። በኢትዮጵያውያንና በሆላንዳውያን ሽርክና በ2005 ተቋቋመ (ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በቱርክ አገር ይሠራ ከነበረው የፊያት ዓይነት የተወሰደውን «ዶክ» የተባለ መኪና በማቅረብ ጀመረ። ቀጥሎ ከቻይናው ሊፋን ኩባንያ ጋራ ተስማምቶ «አባይ»ን ገጣጠመ። ሊፋን ለብቻው በአገሪቱ መገጣጠም በጀመረ ጊዜ፣ ሆላንድ ካር ፊቱን ጃክ ወደሚባለው ሌላ የቻይና ኩባንያ አዞረ፤ «አዋሽ»ም ከዚህ ተገኘ።

ችግሩ የሠራተኛ እጅ ማጣት አልነበረም። ገዢው አስቀድሞ በተወሰነ ዋጋ በብር ይከፍላል፤ ፋብሪካው ግን ተበታትኖ ለሚመጣው የመኪና አካል በዶላር ይከፍላል። በመስከረም 2010 መግቢያ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ13 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ ወደ 16 ብር ከ35 ሳንቲም ገደማ ከፍ አለ። ለምሳሌ 10,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በ136,000 ብር ፈንታ 163,500 ብር ይጠይቅ ጀመር። ልዩነቱን ማን ይክፈል? ኩባንያው ለደረሰበት ችግር ይህንኑ የምንዛሪ ለውጥ በምክንያትነት አቀረበ፤ በ2013ም ለኪሣራ በቃ። ገንዘባቸውን ከፍለው መኪና ይጠባበቁ የነበሩ ደንበኞችም ተጐዱ።

እንዲህ ያለ ነገር በታላላቆቹ አገሮችም ይደርሳል። በእንግሊዝ አገር፣ በኮቨንትሪ አጠገብ በምትገኘው በራይተን መንደር የነበረው የፔዦ ፋብሪካ፣ የማምረቻና የማጓጓዣ ወጪው ከፍ ያለ ነው ተብሎ በ2006 መጨረሻ ተዘጋ። 2,300 ያህል ሠራተኞች ነበሩት። በስሎቫክያ መኪና በአነስተኛ ወጪ ይሠራ ስለ ነበር፣ ያረጀው ስምና የተካነው እጅ መንደሪቱን አላዳኗትም።

እንግዲህ መገጣጠሚያ ማለት በመሠረቱ ታላቅ አስመጪ ማለት ነው። ስለዚህ በብር ተዋውሎ በዶላር የሚገዛ ነጋዴ፣ ምንዛሪ ቢለወጥ ልዩነቱ በማን እንደሚሸፈን በውሉ ውስጥ አስቀድሞ ይጻፍ፤ የደንበኛን ቀብድ እንደ ትርፍ አይቍጠር፤ በአንድ አቅራቢ ብቻም አይመካ። ከዚህ ጋራ፣ በአቃቂ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካ የተቋቋመበት ዓላማ ሊዘነጋ አይገባም፤ በአገር ውስጥ ቀልጦ የተቀረጸ ብረት ሁሉ ዶላር ከመጠበቅ ያድናልና። የመኪናው ስም የአገር ወንዝ መሆኑ መልካም ነው፤ ይበልጥ መልካም የሚሆነው ግን አካሉም ከአገር የተገኘ እንደ ሆነ ነው።