ስለ እርድና በስኳር በሽታ ምክንያት ስለሚመጣው የዓይን ጉዳት

እርድ በአገራችን የታወቀ ቅመም ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሸካና በቴፒ አካባቢ ባለው ሞቃትና ዝናማም ምድር እንደ ዝንጅብል ከመሬት ተቆፍሮ ይወጣል፤ ተቀቅሎና በፀሐይ ደርቆም ወደ አዲስ አበባ ገበያ ይደርሳል። በከተማይቱ ምሥራቅ ዳር፣ ቀድሞ እርሻ በነበረውና ዛሬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በሞሉበት በየካ አባዶም ቢሆን፣ አልጫ ወጥ ያለ እርድ ወግ የለውም። ነገር ግን ይኸው ቅመም ከወጥ ቤት አልፎ የመድኃኒት ስም እየተሰጠው፣ የስኳር በሽታ ያለበትን ሰው ከዓይነ ስውርነት ያድናል ሲባል ይሰማል። በዚህ ነገር እውነትና ስሕተት የተቀላቀሉ ስለ ሆነ፣ ሕዝብ የሚያስተዳድሩ ሹማምንትና ባለእርሻዎች ልዩነቱን ዐውቀው እንዲያስረዱ ይህ ተጽፏል።

አስቀድሞ በሽታው ዓይንን እንዴት እንደሚጎዳ መረዳት ያስፈልጋል። ከዓይን በስተኋላ ብርሃንን የሚቀበል ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ፤ ይህንንም የሚመግቡት እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለብዙ ዓመታት ከልኩ ሲያልፍ የነዚህ ሥሮች ግድግዳ ይደክማል፤ አንዳንዱ ውኃና ቅባት ያፈሳል፣ አንዳንዱም ይደፈናል። ደም ያጠረው ሬቲና አዲስ የደም ሥር የሚያበቅል ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ የሚበቅሉት ሥሮች ግን ደካሞች ናቸውና በቀላሉ ይደማሉ፤ ሬቲናውንም ስበው ከቦታው እስከ ማላቀቅ ይደርሳሉ። ከሁሉ የሚከፋው ጉዳቱ ሕመም የሌለው መሆኑ ነው፤ ሕመምተኛው «ዓይኔ ደኅና ነው» እያለ ሳለ በሽታው ሥራውን ይሠራል።

አሁን ወደ እርድ እንመለስ። ለእርድ ቢጫ መልኩን የሚሰጠው ኩርኩሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ሊቃውንት ከእርድ ለይተው ያወጡት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1815 ዓመት ነው። በ2007 ዓመት የታተሙ ጥናቶች እንደሚያስረዱት፣ የስኳር በሽታ ያለባቸው አይጦች ኩርኩሚን በተመገቡ ጊዜ በሬቲናቸው ላይ የሚደርሰው መቆጣት ቀንሷል፤ አዲስ የደም ሥር የሚያበቅለው ንጥረ ነገርም አንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ ተስፋው መነሻ አለው፤ ከንቱ ወሬ ብቻ አይደለም።

ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ እርድ የዓይን መድኃኒት ነው ማለት አይገባም፤ ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ለአይጥ የረዳ ሁሉ ለሰው ይረዳል ማለት አይደለም። ኩርኩሚን በብዙ ሕመምተኞች ላይ ተፈትኖ ዓይነ ስውርነትን እንደሚከለክል እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም።

2ኛ. የመጠኑ ነገር አለ። በታይላንድ አገር ተደርጎ በ2012 ዓመት በታተመ ጥናት፣ ወደ ስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ለ9 ወር በየቀኑ 1.5 ግራም ኩርኩሚን ወስደው መልካም ውጤት ታይቶባቸዋል። በእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ግን ከ100 እጅ 3 እጅ ያህል ነው፤ ስለዚህ ያን መጠን ከዱቄቱ ለማግኘት በቀን 50 ግራም መብላት ያስፈልጋል። በአልጫ የሚገባው ቁንጥር እርድ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

3ኛ. ኩርኩሚን ወደ ደም የሚገባው እጅግ በጥቂቱ ነው። ከቁንዶ በርበሬ የሚወጣ ንጥረ ነገር ሲጨመርበት በብዙ እጥፍ ይገባል፤ ነገር ግን እንዲህ ተጠናክረው የተሠሩ እንክብሎች ጉበት እንደ ጎዱ በአሜሪካና በኢጣልያ አገር ተመዝግቧል።

እንግዲህ የተረጋገጠው መንገድ የትኛው ነው ቢባል፣ በደም ያለውን ስኳር በልኩ መጠበቅ ነው። በ1993 ዓመት በታተመው የአሜሪካና የካናዳ ታላቅ ጥናት፣ 1441 ሕመምተኞች ተከፍለው ሲታዩ፣ ዓይናቸው ገና ያልተጎዳና ስኳራቸውን በጥብቅ የጠበቁት የዓይን ጉዳት የሚደርስባቸው ዕድል በ76 ከመቶ ቀንሷል። ኢንሱሊኑን ወይም ክኒኑን ትቶ እርድ የሚጠጣ ሰው ግን ይህን የታወቀ መከላከያ ባልታወቀ ተስፋ ይለውጣል፤ የጠፋ ብርሃን ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ስለዚህ የሹማምንትና የባለእርሻዎች ተግባር ይህ ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ዓይኑ ደኅና ቢመስለውም እንኳ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመር መምከር ይገባል፤ ጉዳቱ በጊዜ ከተገኘ በሌዘር ጨረርና ወደ ዓይን በሚሰጥ መርፌ ይገታል። ለየካ አባዶ ነዋሪ በዚያው በአዲስ አበባ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው።

የእርዱንም ንጽሕና መጠበቅ ያስፈልጋል። በባንግላዴሽ አገር አንዳንድ ነጋዴዎች እርዱ ደምቆ እንዲታይ እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት ያለበትን ቢጫ ቀለም ይቀቡት እንደ ነበር በ2019 ዓመት የታተመ ጥናት ገልጧል፤ መንግሥቱም ገበያውን በመቆጣጠሩ ድርጊቱ እጅግ ቀንሷል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳልና፣ የገበያ ተቆጣጣሪዎች ከልክ በላይ የደመቀውን ዱቄት ይጠርጥሩ፤ ገዢም ቢቻለው ያልተፈጨውን ገዝቶ ያስፈጭ።

እርድ የሚያመርት ገበሬ ምርቱን በንጽሕና አድርቆ በቅመምነቱ ቢሸጥ ክብርም ጥቅምም ያገኛል። በመድኃኒት ስም መሸጥ ግን የታመመውን ሰው ብርሃን ሊያሳጣው ይችላልና፣ ይህ እንዳይሆን መጠበቅ የሁላችን ግዴታ ነው።