ለባሕር ዳርቻ ዕረፍት የሚሆን ርካሽ የውኃ ውስጥ ካሜራ እንዴት ይመረጣል?

የጌዴኦ ቡና ከይርጋ ጨፌ፣ ከወናጎና ከኮቸሬ ተለቅሞ፣ ታጥቦና ደርቆ በጅቡቲ ወደብ በኩል ባሕር እንደሚሻገር ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ ግን ወደ ባሕር የሚወርደው ቡናው ብቻ አይደለም። የለቀማው ሥራ አልቆ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ፣ ከቤተ ሰቡ ጋር ጥቂት ቀን ለማረፍ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ወይም በቡሌ ሆራ፣ በያቤሎና በሞያሌ አድርጎ ወደ ኬንያው ሞምባሳ የሚጓዝ ሰው ይገኛል። እንዲህ ያለው መንገደኛ ከዲላ ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ «ከውኃ ውስጥ ፎቶግራፍ የሚያነሣ፣ ዋጋውም የማይከብድ ካሜራ አላችሁን?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፣ ባለሱቁ የሚሰጠው መልስ በጥንቃቄ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የተሰበረ ብርጭቆ በሌላ ይተካል፤ የተቀደደ ጃንጥላ ይጠገናል። ውኃ ገብቶበት የተበላሸ ካሜራ ግን ከገንዘቡ ጋር የጉዞውን መታሰቢያ ይዞ ይጠፋል። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ አምራቾች በአያያዝ ጉድለት ለገባ ውኃ ዋስትና አይሰጡም። ደንበኛው ተመልሶ የሚወቅሰው ባሕር ማዶ ያለውን ፋብሪካ ሳይሆን ዕቃውን የሸጠለትን ባለሱቅ ነው። ስለዚህ ነጋዴው አስቀድሞ ዕቃውን ማወቁ ለገዢውም ለራሱም ስም ይጠቅማል።

ከውኃ ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሣት የቆየ ጥበብ ነው። ሉዊ ቡታን የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1893 እ.ኤ.አ. ካሜራውን በከባድ ሣጥን አሽጎ በአገሩ ባሕር ውስጥ ፎቶግራፍ አንሥቷል። በ1952 እና በ1953 እ.ኤ.አ. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በነበረችበት ወራት፣ የኢጣልያ ጠላቂዎች በቀይ ባሕር በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ያነሡት ፊልም «ስድስተኛው አህጉር» ተብሎ በ1954 እ.ኤ.አ. ለዓለም ታይቷል። በ1963 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኒኮኖስ የተባለው ያለ ሣጥን በውኃ ውስጥ የሚሠራ ካሜራ ለገበያ ቀረበ። በእነዚያ ዘመናት ለባለሙያ ብቻ ይገኝ የነበረው ዕቃ ዛሬ ከኪስ የሚገባ ሆኗል።

የጥልቀት ቁጥር ምን ማለት ነው?

ገዢው በመጀመሪያ የሚመለከተው በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን የሜትር ቁጥር ነው። በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ የሚዋኝ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በውኃው ፊት ላይ ተንሳፎ ወደ ታች የሚመለከት ነው፤ ትንፋሹን ይዞ ቢጠልቅም ከ2 ወይም ከ3 ሜትር እምብዛም አያልፍም። እንግዲህ 30 ሜትር የሚጠልቅ ካሜራ ለመግዛት ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ለእንዲህ ያለው ሰው ትርፍ የለውም። ለ10 ሜትር ተብሎ የተሠራ ካሜራ ይበቃዋል።

ይሁን እንጂ 10 ሜትር የተባለውን 3 ሜትር በቂ ነው ብሎ ወደ ታች ማውረድ አይገባም። ቁጥሩ የተለካው በረጋ ውኃ ውስጥ ነውና። ከጀልባ ላይ ዘሎ የሚገባ ሰው ወይም ማዕበል የመታው ካሜራ ለቅጽበት ከጥልቀቱ የሚበልጥ ግፊት ያገኘዋል። ስለዚህ ትርፍ አቅም መኖሩ መልካም ነው።

በአንዳንድ ዕቃ ላይ ከሜትር ይልቅ «አይ.ፒ.» የሚል ምልክትና ሁለት ቁጥር ይገኛል። የመጀመሪያው ቁጥር አቧራን፣ ሁለተኛው ውኃን መከላከሉን ያመለክታል። ሁለተኛው ቁጥር 7 የሆነ እንደ ሆነ ዕቃው በ1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ተፈትኗል ማለት ነው፤ 8 ከሆነ ግን ጥልቀቱንና ጊዜውን የሚወስነው አምራቹ ነው። ፈተናው የሚደረገውም በጨዋማ ባሕር ሳይሆን በንጹሕ ውኃ ነው። ውኃ አይገባቸውም የሚባሉት ስልኮች በዝናብና በድንገት ከውኃ ቢወድቁ እንዲድኑ የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ ያለ ሽፋን ወደ ባሕር ይዞ መግባት አይገባም። «ውኃ የማያስገባ» የሚል ቃል ብቻ ተጽፎበት ሜትርም ምልክትም የሌለበትን ዕቃ ደግሞ ለዝናብ መከላከያ ብቻ አድርጎ መሸጥ ይሻላል።

በገበያ የሚገኙት ዓይነቶች

1ኛ፤ የስልክ ከረጢት። ከሁሉ የረከሰው ይህ ነው። ደንበኛው የያዘውን ስልክ ወደ ፕላስቲክ ከረጢት አስገብቶ ይቆልፈዋል። ጉድለቱ የስልኩ መስተዋት በውኃ ውስጥ የጣትን ንክኪ አለመቀበሉ ነው፤ ስለዚህ ፎቶግራፉ በድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ እንዲነሣ አስቀድሞ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ከረጢቱ ከረከሰ ስልኩ ውድ መሆኑንም ገዢው ማሰብ አለበት።

2ኛ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የፊልም ካሜራ። ኮዳክና ፉጂፊልም የሚሠሩት ዓይነት 27 ፎቶግራፍ ያነሣል፤ የፉጂፊልሙ 10 ሜትር፣ የኮዳኩ 15 ሜትር ያህል ይጠልቃል። ባትሪም ሆነ የብርሃን መብራት የለውም፤ በጠራራ ፀሐይ በባሕሩ ፊት አጠገብ መልካም ይሠራል። ቢጠፋም ኪሣራው ቀላል ነው። ነገር ግን ፊልሙ የት እንደሚታጠብ ሳይታወቅ መግዛት የከንቱ ከንቱ ነው።

3ኛ፤ አነስተኛ ዲጂታል ካሜራ። ኮዳክ ፒክስፕሮ ደብልዩ.ፒ.ዜድ. 2 የተባለው 15 ሜትር የሚጠልቅ ሲሆን በዚህ ተርታ የሚቆጠር ነው። ስማቸው ያልታወቀ ሌሎች ብዙ ካሜራዎችም በዚህ ተርታ ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በሣጥናቸው ላይ ትልቅ የሜጋፒክሰል ቁጥር ይጽፋሉ፤ ቁጥሩ ግን በስሌት የተነፋ እንጂ የካሜራው ዓይን በእውነት የሚያየው አይደለም። ገዢው ቁጥሩን ትቶ በዚያ ካሜራ የተነሣ ፎቶግራፍ አሳዩኝ ቢል ይበጀዋል።

4ኛ፤ ጎፕሮና እርሱን የመሰሉ ትንንሽ ካሜራዎች። የቅርብ ዘመኖቹ ያለ ሣጥን እስከ 10 ሜትር ይጠልቃሉ። ለተንቀሳቃሽ ሥዕል ከሁሉ የተሻሉ ናቸው። እይታቸው ሰፊ ስለ ሆነ ግን ሩቅ ያለ ዓሣ እንደ ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

5ኛ፤ ጠንካራ የኪስ ካሜራ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ሪኮ ደብልዩ.ጂ. 80 14 ሜትር፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ኦ.ኤም. ሲስተም ቲ.ጂ. 7 15 ሜትር ይጠልቃሉ። የኋለኛው ዋጋው ከሁሉ ከፍ ያለ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ የሚፈልግ ሰው ከእርሱ በፊት የነበረውን ቲ.ጂ. 6 ሌላ ሰው የተገለገለበትን ሊገዛ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ማሸጊያው የታደሰ መሆኑን ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

የማሸጊያው ጉዳይ

ከላይ ከተቆጠሩት መካከል የትኛውም ካሜራ ቢመረጥ ዕድሜውን የሚወስነው መካኒኮች ጎሚኒ የሚሉት የላስቲክ ማሸጊያ ነው። የባትሪው መዝጊያ ሲከደን አንድ ፀጉር፣ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ወይም የደረቀ የጨው ፍርፋሪ በጎሚኒው ላይ የተገኘ እንደ ሆነ ውኃ መንገድ አገኘ ማለት ነው። ስለዚህ መዝጊያው በተከፈተ ቁጥር ጎሚኒውን በለስላሳና በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ይገባል። አንዳንድ አምራቾች በየዓመቱ እንዲለወጥ ይመክራሉ። ከባሕር ከወጡ በኋላ ካሜራውን እንደ ተከደነ በንጹሕ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ዘፍዝፎ ጨውን ማስለቀቅ፣ ከዚያም ሳይደርቅ አለመክፈት ያስፈልጋል።

ከደጋ አገር የሚወርድ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ያነሰ ነው። በዲላ አየር ሳያስገባ ጥብቅ ተደርጎ የተከደነ ካሜራ ወደ ባሕር ዳርቻ ሲወርድ፣ ውኃ ሳይነካው ገና ከ1 ሜትር ተኩል በላይ በውኃ ውስጥ እንደ ጠለቀ ያህል ግፊት ይሸከማል። በአዲስ አበባ የተከደነ ከሆነ ልዩነቱ ወደ 2 ሜትር ተኩል ይጠጋል። መዝጊያው አልከፈት ብሎ ቢያስቸግር ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ባሕር ዳርቻ ከደረሱ በኋላ ካሜራውን በደረቅ ቤት ውስጥ ከፍቶ እንደ ገና መክደን ብቻ ነው።

«በደረቅ ቤት» መባሉ ያለ ነገር አይደለም። የጌዴኦ ነጋዴ የእርጥበትን ነገር ከማንም አስበልጦ ያውቃል፤ ቡና እርጥበቱ ከመቶ 12 በላይ ሆኖ ከተከማቸ እንደሚሻግት ከልምድ ተምሯልና። ለካሜራም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በሞቃትና በእርጥብ አየር ውስጥ የተከደነ ካሜራ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ በገባ ጊዜ በውስጡ የታሰረው እርጥበት ጤዛ ሆኖ መስተዋቱን ይሸፍነዋል፤ ፎቶግራፉም ጭጋግ ሆኖ ይቀራል። በዕቃ ሣጥን ውስጥ የሚገኙትን ሲሊካ ጄል የተባሉ የእርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሳይጥሉ ከካሜራው ጋር ማስቀመጥ ይጠቅማል።

ብርሃንና ውኃ

ውኃ ከብርሃን ቀለማት መካከል አስቀድሞ የሚውጠው ቀዩን ነው። በ5 ሜትር ጥልቀት ቀይ ቀለም እጅግ ይደክማል፤ ሁሉም ነገር ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል። በውኃው ፊት አጠገብ፣ ፀሐይ ከአናት በሆነችበት ሰዓት ማንሣት ውድ ካሜራ ከመግዛት የበለጠ ቀለሙን ያሳምራል። ደግሞም በውኃ ውስጥ 4 ሜትር የራቀ ነገር 3 ሜትር ላይ ያለ መስሎ ስለሚታይ፣ አንሺው ቀረብኩ ብሎ ሳይቀርብ ይቀራል። ስለዚህ ክንዱን ቢዘረጋ ሊነካው እስኪቃረብ ድረስ መጠጋት አለበት፤ ኮራሉንም ሆነ ዓሣውን ግን መንካት አይገባም። የካሜራው መብራት በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ብናኝ አብርቶ ፎቶግራፉን በነጭ ነጠብጣብ ስለሚሞላው ማጥፋቱ ይሻላል።

የውኃው ጥራትም መታሰብ አለበት። ከዲላ በስተ ምዕራብ ያለው የአባያ ሐይቅ ደለል የበዛበት ቀላማ ውኃ ነው፤ አዞም አለበት። የሐዋሳ ሐይቅም ውኃው የጠራ አይደለም። በእነዚህ ውኃ ውስጥ ከማንም ካሜራ መልካም ፎቶግራፍ አይጠበቅም። ካሜራው የሚያገለግለው በጅቡቲ የታጁራ ባሕረ ሰላጤና በኬንያ የተከለሉ የኮራል ባሕሮች ነው። በታጁራ ዌል ሻርክ የተባለው ግዙፍ ነገር ግን ሰው የማይጎዳ ዓሣ በብዛት የሚታየው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወራት ስለ ሆነ፣ ዕቃውን ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ ከዚያ ቀደም ብሎ በሱቁ ማኖር ይኖርበታል።

ለአስመጪና ለባለሱቅ

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ የሚወሰን ስለ ሆነ የአንድ ካሜራ ዋጋ ዕቃው በታዘዘበት ቀን ይለያያል። ስለዚህ ውድ ካሜራዎችን በብዛት አከማችቶ ከመቀመጥ ይልቅ ጥቂት ናሙና ይዞ በትእዛዝ መሥራት ኪሣራን ይቀንሳል። ለሁልጊዜ ሽያጭ የሚሆኑት ከረጢቶች፣ መለዋወጫ ጎሚኒዎች፣ የማስታወሻ ካርዶችና የሚንሳፈፍ ማንጠልጠያ ናቸው። አብዛኛው ካሜራ ከእጅ ካመለጠ ወደ ታች ስለሚሰምጥ፣ ደማቅ ቀለም ያለው ተንሳፋፊ ማንጠልጠያ ሳይጨምሩ መሸጥ ለገዢው አለማሰብ ነው።

እነዚህ ዕቃዎች ባሕር ለማይሄደውም ይጠቅማሉ። የጌዴኦ የባህል መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባ ወዲህ የቱቱ ፈላንና የጨልባ ቱቱቲን ትክል ድንጋዮች ለማየት የሚመጣ እንግዳ በአገሩ ዝናብ መዘጋጀት አለበት። በቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚውል ሠራተኛም ስልኩን ከውኃ የሚያድንበት ከረጢት ያስፈልገዋል።

በመጨረሻ ከሽያጩ በፊት የሚደረግ ፈተና አለ። ከረጢት ወይም የካሜራ ሣጥን የሆነ እንደ ሆነ፣ ባዶውን ደረቅ ሶፍት ከቶ በመክደን በባልዲ ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ማቆየት ነው። ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ የወጣ እንደ ሆነ ዕቃው ይሸጣል፤ እርጥብ ከሆነ ለላከው ይመለሳል። ገዢው በፊቱ ይህ ሲደረግ አይቶ፣ የዕቃው ጥልቀት በደረሰኙ ላይ ተጽፎለት የሄደ እንደ ሆነ፣ የገዛው ምን እንደ ሆነና እስከ ምን ድረስ እንደሚያገለግለው አውቆ ይጓዛል። አንድ ባልዲ ውኃና ግማሽ ሰዓት ለዲላው ባለሱቅ ከዚህ የበለጠ ርካሽ ዋስትና አያስገኝለትም።